መካከለኛ ካሜራ ለብራና መጻሕፍት ቅጂ፦ የኒኮን ዲ90 ብርታትና ድክመት



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው ኒኮን ዲ90 በተባለው ዲጂታል ካሜራ ላይ ነው። ካሜራው ይፋ የተደረገው ነሐሴ 21 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2008 መሆኑ ነው። በዚህ ዘርፍ የዕድሜ አቆጣጠር ሽማግሌ ከሚባሉት ይመደባል። ታዲያ አዲስ ነገር በየወሩ በሚወጣበት ዘመን ስለ ሽማግሌ ካሜራ በዚህ አዳራሽ መናገር ለምን አስፈለገ? ምክንያቴ ሁለት ነው።

አንደኛው፣ በፊሎሎጂ፣ በታሪክ ወይም በፎክሎር የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ወደ መስክ ሲወጣ በእጁ የሚገባው ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ በሻንጣ የላከው፣ ከትምህርት ክፍሉ የተዋሰው ወይም ከሁለተኛ እጅ የገዛው መካከለኛ ካሜራ። ሁለተኛውና ክብደት ያለው ምክንያት ግን የምናነሣው ነገር ጠባይ ነው። ቄሰ ገበዙ መጽሐፉን ከዕቃ ቤት የሚያወጡልን ተለምነው፣ ደብዳቤ አይተው፣ የደብሩን ሽማግሌዎች አማክረው ነው። ያንኑ መጽሐፍ በሚቀጥለው ዓመት ዳግመኛ ያወጡልናል ብሎ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። እሳት አለ፤ ዝርፊያ አለ፤ የጣራ ፍሳሽ አለ፤ ጦርነትም አለ። በዚያች አንድ ቀን የተነሣው ምስል ከደበዘዘ፣ ያልተነበበችው መስመር ለዘለዓለም ሳትነበብ ልትቀር ትችላለች። ስለዚህ የካሜራን ብርታትና ድክመት ማወቅ ለእኛ የምርምር ሥነ ዘዴ አካል ነው።

በቅድሚያ «መካከለኛ» የሚለውን ቃል እንመርምረው። አንድ አምራች ሦስት ካሜራዎችን በሦስት ዋጋ ሲያቀርብ፣ የመካከለኛውን ማንነት የሚወስነው በውስጡ ካኖረው ይልቅ ከውስጡ ያስቀረው ነገር ነው። በ2008 ከዲ90 በታች ዲ60 ነበረ፤ ከበላዩ ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት የወጣው ዲ300። ዲ90 ያለ ሌንስ በአሜሪካ ገበያ ወደ 1,000 ዶላር፣ ዲ300 ደግሞ ወደ 1,800 ዶላር ይጠየቅባቸው ነበር። የሚያስገርመው፣ የሁለቱ ካሜራዎች የምስል ስፋት አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ ሁለቱም 12.3 ሜጋፒክስል፣ ሁለቱም በቁመት 2848 በወርድ 4288 ነጥብ። የ800 ዶላሩ ልዩነት ያለው በምስሉ ስፋት ላይ ሳይሆን በአካሉ ጥንካሬ፣ ከአቧራ በሚከላከለው ሽፋን፣ በትኩረት ነጥቦች ብዛት፣ በእይታ መስኮቱ ሙላት ላይ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ምክንያቱም ብራና ለሚያነሣ ሰው ከእነዚህ ጉድለቶች አንዳንዱ ከቁም ነገር የማይገባ ሲሆን፣ አንዳንዱ ደግሞ ሥራውን ከሥሩ የሚነካ ነው። የካሜራ ገምጋሚዎች የሚጽፉት ለሠርግ፣ ለስፖርትና ለዱር አራዊት አንሺዎች ነው። የእነርሱ ሚዛን የእኛ ሚዛን አይደለም።

ከምስሉ ልጀምር። የዲ90 ዳሳሽ ወርዱ 23.6፣ ቁመቱ 15.8 ሚሊሜትር ነው። በዚህች የአውራ ጣት ጥፍር ብዙም በማትበልጥ ሰሌዳ ላይ ከ12 ሚሊዮን በላይ ብርሃን ተቀባይ ነጥቦች ተደርድረዋል። 12 ሜጋፒክስል ዛሬ ስልኮች እንኳ የሚያልፉት ቁጥር ስለሆነ «ይበቃልን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ በግምት ሳይሆን በማካፈል ይገኛል።

አንድ ገጹ 25 ሴንቲሜትር ቁመት፣ 20 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው የብራና መጽሐፍ እንውሰድ። መጽሐፉን ገልጠን ግራና ቀኙን ገጽ በአንድ ምስል ብናነሣ፣ 40 ሴንቲሜትሩ ወርድ ለ4288 ነጥቦች ይከፋፈላል፤ በአንድ ሴንቲሜትር 107 ነጥብ ያህል ይደርሳል። በኢንች ሲሰላ 272 ነው። ለጽሑፍ ቅርስ ቅጂ እንደ ዝቅተኛ ወለል የሚያዘው በኢንች 300 ስለሆነ፣ ከወለሉ በታች ወድቀናል ማለት ነው። አሁን ካሜራውን 90 ዲግሪ አዙረን እያንዳንዱን ገጽ ለብቻው እናንሣ። 20 ሴንቲሜትሩ ወርድ ለ2848 ነጥቦች ሲከፋፈል በሴንቲሜትር 142፣ በኢንች ደግሞ 362 ነጥብ ያህል ይሆናል። ካሜራው ያው ካሜራ ነው፤ ሌንሱም ያው። የተለወጠው የእኛ አሠራር ብቻ ነው፤ ውጤቱ ግን ከወለል በታች ከነበረበት ከወለል በላይ ወጣ።

በትልቁ ወንጌል ላይ ግን ይህም አይሠራም። ገጹ 45 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው መጽሐፍ በአንድ ገጽ አንድ ምስል ብናነሣው እንኳ በኢንች 242 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል። በዚያ ጊዜ ገጹን ከላይና ከታች ለሁለት ከፍሎ ማንሣት ግድ ይላል፤ ይህም ድካሙንም ስሕተት የሚገባበትንም በር ያበዛል። የዲ90 የመጀመሪያው እውነተኛ ድክመት እንግዲህ ይህ ነው፤ ለመካከለኛና ለትንሽ መጽሐፍ በቂ፣ ለትልቅ መጽሐፍ ጠባብ።

ቁጥሩ በፊደል ላይ ምን ማለት እንደሆነ ላሳያችሁ። የአራት ሚሊሜትር ፊደል በሴንቲሜትር 107 ነጥብ ሲነሣ ከላይ እስከ ታች 43 ነጥብ ያህል ያገኛል። ለማንበብ ይበቃል። ነገር ግን የእኛ ፊደል ካዕቡንና ሣልሱን የሚለየው በጎን የምትወጣ አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። ቅጥያዋ ግማሽ ሚሊሜትር ብትሆን የሚደርሳት አምስት ነጥብ ነው። ብራናው ከተፋቀ ወይም ቀለሙ ከተላጠ በአምስት ነጥብ ላይ ፍርድ መስጠት አይቻልም። ድጓ የምታነሡ ሰዎች ደግሞ ከዚህ የበለጠ መጠንቀቅ አለባችሁ፤ ከመስመሩ በላይ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች ደቃቃ ናቸው፤ አንድ ሚሊሜትር ለምትሆን ምልክት የሚደርሳት በመጀመሪያው አሠራር 11፣ በሁለተኛው 14 ነጥብ ነው። ምልክቱን ከነጥብ ጠብታ የምንለየው በዚህች ልዩነት ነው።

ነጥቡ ሁሉ እኩል አለመሆኑንም መጨመር ያስፈልጋል። በዳሳሹ ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ የሚያየው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቦቹ ቀይ፣ ሩቦቹ ሰማያዊ። የቀረውን ቀለም ካሜራው ከጎረቤት ነጥቦች እያሰላ ይሞላዋል። ይህ ሁሉም ዲጂታል ካሜራዎች ማለት ይቻላል የሚጋሩት ጠባይ ነው እንጂ የዲ90 ኃጢአት አይደለም። የቅዱሳኑ ስም የሚጻፍበት ቀይ ቀለም ቀዩን ብርሃን ስለሚመልስ፣ በቀይ ተቀባይ ነጥቦች ዘንድ ከብራናው ንጣት ብዙም አይለይም። ተለይቶ የሚታየው በአረንጓዴውና በሰማያዊው ነው። ጸሐፊው በቀይ የጻፈው ደብዝዞባችሁ ከሆነ፣ በኮምፒዩተር ላይ አረንጓዴውን ወይም ሰማያዊውን ድርብ ለብቻው አውጥታችሁ ተመልከቱት። ብዙ ጊዜ ተነሥቶ ይታያችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ፣ በአሜሪካ ሚኔሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ትብብር በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ለትውልድ አትርፏል። ዛሬ ካለንበት ሆነን ምስሎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው ብሎ ማማረር ውለታ መርሳት ነው። ይሁንና ከእነዚያ ፊልሞች ጋር የሠራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ቀዩንና ጥቁሩን ቀለም በግራጫ ጥላ መለየት ዓይን ያደክማል፤ የሐረጉና የሥዕሉ ቀለምም የለም። አንድ ተማሪ በመካከለኛ ካሜራ የሚያነሣው የቀለም ምስል በዚህ ረገድ ያን ታላቅ ሥራ ያሟላል። በፊልም የተነሣን መጽሐፍ ዳግመኛ ማንሣት ከንቱ ድካም አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ካሜራው ልመለስ። ዲ90 ጥሬ ምስል የሚያስቀምጠው በ12 ቢት ነው፤ ማለትም የብርሃኑን መጠን በ4096 እርከን ይከፍላል። ዲ300 ሲፈለግ በ14 ቢት፣ በ16384 እርከን መክፈል ይችላል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ አራት እጥፍ ነው። በተግባር ግን፣ በእኔ ግምት፣ ብርሃኑን በትክክል ለመጠነ ሰው ይህ ልዩነት በብራና ላይ እምብዛም አይታይም። ዳሳሽ ብርሃንን የሚቆጥረው እንደ ሚዛን በቀጥታ ስለሆነ፣ ከ4096ቱ እርከን ግማሹ፣ 2048ቱ፣ ለምስሉ ብሩህ ክፍል ይውላል፤ ጥላ ውስጥ ላለው ክፍል የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ምስሉን አጨልሞ አንሥቶ በኋላ በኮምፒዩተር ማብራት መጥፎ ልማድ ነው። የብራናው ንጣት እስኪያንጸባርቅ ሳይደርስ፣ ግን ወደዚያ ተጠግቶ ማንሣት ይገባል። የትኛውንም ካሜራ ብትይዙ በጥሬ ምስል አንሡ። ጄፔግ የካሜራውን ፍርድ ይዞ የሚመጣ ምስል ነው፤ ነጩ የቱ እንደሆነ፣ ጥራቱ ምን ያህል እንዲሳል ካሜራው ወስኖ የቀረውን ይጥለዋል።

አሁን ዲ90 በእውነት የሚያኮራበትን ነገር ልናገር፤ ይኸውም በአካሉ ውስጥ ያለው የሌንስ ሞተር ነው። የቀድሞዎቹ የኒኮን አውቶፎከስ ሌንሶች የራሳቸው ሞተር የላቸውም፤ ትኩረታቸውን የሚያዞረው ከካሜራው አፍ የምትወጣ አንዲት ትንሽ መፍቻ መሰል ዘንግ ናት። በዲ60 ውስጥ ይህ ዘንግ ስለሌለ እነዚያ ሌንሶች በእጅ ብቻ ነው የሚስተካከሉት። ዲ90 ግን አለው። ስለዚህ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ወይም ለቅርብ ሥራ የተሠራውን 60 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 የቀድሞ ሌንስ በሁለተኛ እጅ ዋጋ ገዝቶ በሙሉ አቅሙ መጠቀም ይቻላል። ለአነስተኛ በጀት ይህ ታላቅ ነገር ነው። ከካሜራው ጋር አብሮ ይሸጥ የነበረው ከ18 እስከ 105 ሚሊሜትር የሚለጠጠው ሌንስ ለጉዞ ፎቶግራፍ ምቹ ቢሆንም፣ በሰፊው ጫፉ ቀጥ ያለውን መስመር እንደ በርሜል ያጎብጠዋል። ቀጥ ብሎ የተሠመረ የብራና መስመር ጎብጦ ሲታይ ተመራማሪው ጸሐፊውን ያማል፤ ጥፋቱ የሌንሱ ሆኖ ሳለ።

በ50 ሚሊሜትር ሌንስ 45 ሴንቲሜትር ገጽ ለመሸፈን ካሜራው ከመጽሐፉ አንድ ሜትር ያህል መራቅ አለበት። ይህን አስቀድሞ ማስላት ይጠቅማል፤ በጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ ትራይፖዱን ከዚያ በላይ ከፍ ማድረግ የማይቻልበት ጊዜ አለና። የብርሃን መግቢያውን ቀዳዳ ከኤፍ 8 አካባቢ ማለፍ ደግሞ አልመክርም። የዲ90 አንድ ነጥብ ስፋቱ 5.5 ማይክሮሜትር ነው፤ በኤፍ 8 ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ በጠባዩ የሚሠራው ክብ ወደ 11 ማይክሮሜትር ይደርሳል፤ ሁለት ነጥብ ማለት ነው። በኤፍ 16 ወደ 21 ያድጋል። «ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ምስሉ ይጠራል» የሚለው የድሮ ምክር እዚህ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ማጥበብ ማደብዘዝ ነው።

የባትሪውን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በካሜራ አምራቾች ማኅበር መለኪያ መሠረት ዲ90 በአንድ ባትሪ 850 ምስል ያነሣል፤ መለኪያው ግማሾቹ ምስሎች በፍላሽ እንደሚነሡ ስለሚያስብ፣ ያለ ፍላሽ ለሚሠራ ሰው ከዚያም በላይ ይሄዳል። እኛ ደግሞ ፍላሽ አንጠቀምም። መብራት በሌለበት ገዳም ሦስት ቀን ለሚቆይ ሰው ሁለት ባትሪ ማለት የአእምሮ ዕረፍት ነው። ከመስታወት አልባዎቹ ካሜራዎች አንዱን ለማነጻጸር ያህል፣ በ2019 የወጣው ኒኮን ዜድ 50 በዚሁ መለኪያ 320 ያህል ምስል ነው የሚያነሣው፤ የዲ90ን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባለ መስታወቱ ካሜራ በእይታ መስኮቱ የሚያሳየን ብርሃኑን ራሱን በመስታወትና በፕሪዝም አንጸባርቆ ስለሆነ፣ እያየን ሳለ ኤሌክትሪክ አይበላም ማለት ይቻላል። መስታወት አልባው ግን እያየን ባለንበት ጊዜ ሁሉ ዳሳሹንም ስክሪኑንም ያሠራል።

ይሁን እንጂ ያው መስታወት ጣጣም አለው። ሻተሩ በተጫነ ጊዜ ወደ ላይ ሲወረወር አካሉን ያነቀንቀዋል። በቀን ብርሃን በፈጣን ሻተር አይታወቅም፤ በጨለማ ዕቃ ቤት ግን በአይኤስኦ 200፣ በኤፍ 8 ሻተሩ ሩብ ሰከንድ ክፍት ሲቆይ ያቺ ንቅናቄ ፊደሉን ታደበዝዛለች። መፍትሔው በዚያው ካሜራ ውስጥ አለ። በምናሌው ውስጥ መስታወቱ ከተነሣ በኋላ አንድ ሰከንድ ያህል ጠብቆ ሻተሩን እንዲከፍት የሚያደርግ ቅንብር ይገኛል። ከእርሱ ጋር በእጅ ሳይነኩ የሚያነሡበት ትንሽ ሪሞት ከተጨመረ ችግሩ ተወገደ ማለት ነው። ይህን ቅንብር ሳያውቁ ካሜራውን ለዓመታት የያዙ ሰዎች ብዙ ናቸው።

በእይታ መስኮቱ የሚታየው ከሚነሣው 96 በመቶ ብቻ ነው የሚለውን ነቀፋ ግን እኔ አልቀበለውም። 96 በመቶ በወርድም በቁመትም ስለሆነ በስፋት ሲሰላ 92 በመቶ ይሆናል፤ ለሥነ ጥበብ ፎቶግራፍ አንሺ ያልታሰበ ነገር በጠርዙ መግባቱ ያስቆጣዋል። ለእኛ ግን ካየነው ይልቅ የተነሣው መስፋቱ ጥቅም ነው፤ የገጹ ኅዳግ ሳይቆረጥ ይቀራል። ዲ90 11 የትኩረት ነጥቦች ብቻ ያሉት መሆኑ፣ ከእነርሱም በአግድምም በቁልቁልም የምታየው የመካከለኛዋ ብቻ መሆኗ፣ የሚሮጥ አትሌት ለሚያነሣ እንጂ ተኝቶ ለሚነሣ ብራና ችግር አይሆንም።

ችግር የሚሆነው የሚሞሪ ካርዱ ነገር ነው። ዲ90 የሚቀበለው አንድ ኤስዲ ካርድ ብቻ ነው። አንድ ጥሬ ምስል ወደ 11 ሜጋባይት ቢይዝ፣ 150 ቅጠል ያለው መጽሐፍ 300 ገጽ ስለሚሆን ከሦስት ጊጋባይት በላይ ይፈጃል፤ ይህ ቀላል ነው። የሚያስፈራው ሦስቱ ጊጋባይት ያሉት በአንዲት የጥፍር ያህል ፕላስቲክ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ካርዱ ቢበላሽ፣ ቢጠፋ፣ በስሕተት ቢሰረዝ የቀኑ ሥራ አብሮ ይሄዳል። በ2010 የወጣው ተከታዩ ዲ7000 ሁለት ካርድ በአንድ ጊዜ ይዞ በሁለቱም ላይ መጻፍ ስለሚችል ይህን ጉድለት ሞልቶታል። ከዲ90 ወደ ዲ7000 ለመሸጋገር የሚያስገድድ አንድ ምክንያት ጥቀስ ብባል፣ የሜጋፒክስሉን ጭማሪ ትቼ ይህን እጠቅሳለሁ። በዲ90 የሚሠራ ሰው መጽሐፉ ወደ ዕቃ ቤት ከመመለሱ በፊት፣ ቄሰ ገበዙ ገና በቦታው ሳሉ፣ ምስሎቹን ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ማዛወርና ቅጠሎቹን ቆጥሮ ማመሳከር አለበት። ሁለት ቅጠል አብሮ መገለጡ የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው።

አቧራም አለ። አካሉ ፕላስቲክ ነው፤ በመጋጠሚያዎቹ ላይ አቧራና ርጥበት የሚከለክል ሽፋን የለውም። ዳሳሹን በማንቀጥቀጥ አቧራ የሚያራግፍ ሥርዓት ቢኖረውም፣ በበጋ የአገራችን መንገድ አቧራ ላይ ሌንስ እየቀያየሩ በዚያ ብቻ መታመን አይገባም። አንድ ሌንስ ገጥሞ እስከ ሥራው ፍጻሜ አለመንቀል ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ የምቆይበት ነገር ቪዲዮው ነው፤ የዚህ ካሜራ ታሪካዊ ስምና ትልቁ ድክመቱ አንድ ላይ የተገናኙት በዚህ ነውና። ዲ90 በዓለም ላይ ቪዲዮ መቅረጽ የቻለ የመጀመሪያው ባለ መስታወት ዲጂታል ካሜራ ነው። ቀዳሚነቱን ማንም አይወስድበትም። ነገር ግን ሳምንታት ብቻ ቆይቶ፣ በመስከረም ወር፣ ካነን 5ዲ ማርክ 2ን ይፋ አደረገ፤ እርሱ በ1080 መስመር ሲቀርጽ ዲ90 በ720 መስመር፣ በሰከንድ 24 ምስል ነበር የሚቀርጸው። የካነኑ ዋጋ ከእጥፍ በላይ መሆኑን ሳንረሳ ማለት ነው። የመስመሩ ቁጥር ግን ለእኛ ሁለተኛ ነገር ነው። የዲ90 አንድ ቅጂ በከፍተኛ ጥራቱ ከአምስት ደቂቃ ማለፍ አይችልም፤ የውጭ ማይክሮፎን መሰኪያ የለውም፤ የራሱ ማይክሮፎን ባለ አንድ ድምፅ ነው፤ እየቀረጸ ሳለ ትኩረቱን በራሱ አያስተካክልም።

አሁን አንዲት የሰማንያ ዓመት እናት የመንደራቸውን ታሪክ ወይም የለቅሶ ግጥም ሲያወርዱ አስቡ። ነገሩ በሚግልበት ሰዓት አምስት ደቂቃው ይሞላና ይቆማል። ተማሪው «እማማ፣ አንዴ ይጠብቁኝ» ይላል። የግማሽ ሰዓት ትረካ ቢያንስ አምስት ጊዜ ይቋረጣል። የቃል ባህል የሚያጠና ሰው ያውቀዋል፤ የተቋረጠ ትረካ ሲቀጥል ያው ትረካ አይደለም፤ ተራኪዋ ካሜራውን ያስታውሱታል፤ ንግግራቸውም ይለወጣል። በዚህ የተነሣ የመረጃው ጉዳት ከምስል ጥራት በላይ ይሄዳል። ምስሉም ቢሆን የራሱ ችግር አለው፤ ዳሳሹ ምስሉን የሚያነበው መስመር በመስመር ከላይ ወደ ታች ስለሆነ፣ ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር የቤተ ክርስቲያኑ ምሰሶ እንደ ሸምበቆ ጎብጦ ይታያል። ስለዚህ በዲ90 ቃለ መጠይቅ አትቅረጹ እላለሁ። ድምፁን በድምፅ መቅጃ ያዙ፤ ምስል ካስፈለገ ዛሬ ኪሳችሁ ያለው ስልክ በዚህ ረገድ ከዲ90 ያለ ጥርጥር ይሻላል።

ስልኩ እንዲህ ከተሻለ ብራናውንስ በስልክ ብናነሣ? ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይቀርብልኛል፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። ለማስታወሻና ለፈጣን ንባብ ስልክ ይበቃል። ነገር ግን የስልክ ዳሳሽ እጅግ ትንሽ በመሆኑ፣ የሚጎድለውን በስሌት ይሞላዋል፤ ብዙ ምስሎችን ይደርባል፣ ጠርዞችን ይስላል፣ ሸካራውን ያለሰልሳል። የቤተሰብ ፎቶግራፍ ሲሆን ያምራል። የተፋቀ ፊደል ሲሆን ግን የምናየው ጠርዝ ከጸሐፊው ብዕር የመጣ ይሁን ከስልኩ ስሌት መለየት ያስቸግረናል። ከመካከለኛ ካሜራ የሚወጣው ጥሬ ምስል ከዚህ ዓይነቱ ማስዋብ አብዛኛው ያልደረሰበት ነው። ለትችታዊ እትም የሚዘጋጅ ሰው ሊመረምረውና ለሌላው ሊያሳየው የሚችለው ማስረጃ እርሱ ነው።

ከሁለተኛ እጅ ለምትገዙ አንድ ነገር ልጨምር። የዲ90 ሻተር የተፈተነው ለ100,000 ጊዜ መከፈትና መዘጋት ነው። 150 ቅጠል ያለው መጽሐፍ ከነሽፋኑና ከሙከራው 310 ምስል ያህል ቢፈጅ፣ ያ ቁጥር ከ300 በላይ መጻሕፍት ማለት ነው፤ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ። ነገር ግን የምትገዙት ካሜራ ምን ያህል እንደተጠቀሙበት ሻጩ አይነግራችሁም፤ ቢነግራችሁም አትመኑ። አንድ ምስል አንሥታችሁ ፋይሉን በኮምፒዩተር ክፈቱ፤ ካሜራው በእያንዳንዱ ምስል ውስጥ ሻተሩ እስከዚያ ድረስ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ይጽፋል፤ ያንን ቁጥር የሚያሳዩ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ቁጥሩ ከ60,000 ካለፈ ዋጋ ተከራከሩ፤ ከ100,000 ካለፈ ደግሞ ወደ ሩቅ ገዳም ብቻውን ይዛችሁት አትሂዱ። የሠርግ አንሺ የነበረ ሰው ካሜራ ቁጥሩ ሲያስደነግጥ፣ በመሳቢያ ውስጥ የኖረ የጡረተኛ ካሜራ ከ10,000 ሳያልፍ ይገኛል።

ገንዘቡ ያለው ክፍል መስታወት አልባ ቢገዛ አልቃወምም፤ የመስታወቱ ንቅናቄ የለም፤ ድምፅ ሳያሰማም ያነሣል፤ ቅዳሴ በሚቀደስበት አካባቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም ቀደም ብዬ ያመሰገንኳቸው ሞተር የሌላቸው ሌንሶች በኒኮን አስማሚ በኩል በአዲሶቹ ካሜራዎች ላይ ሲገጠሙ ትኩረታቸው በእጅ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ዋጋው ሲሰላ አዲስ ሌንስ፣ ተጨማሪ ባትሪዎችና በመስክ ላይ የሚሞሉበት ዘዴ አብረው መሰላት አለባቸው። ያ ሂሳብ ተደምሮ ሲታይ፣ አንድ አዲስ ካሜራ በሚገዛበት ገንዘብ ሁለት ዲ7000 ከነሌንሳቸው፣ ከነትራይፖዳቸውና ከሁለት ሃርድ ዲስክ ጋር ማሟላት የሚቻል ይመስለኛል። ሁለት ቡድን በሁለት ደብር በአንድ ጊዜ መሥራት ይችላል ማለት ነው።

ካሜራው እነሆ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ 50 ሚሊሜትሩ ተገጥሞለታል፤ የመስታወቱን ማዘግያ ቅንብር የምታገኙት በምናሌው የእርሳስ ምልክት ሥር ነው። ከጎኑ ያለው ለልምምድ የተዘጋጀ ባዶ ብራና ነው፤ መሥመሪያ አብሮት ተቀምጧል። መሥመሪያውን ከገጹ አጠገብ አድርጋችሁ አንዴ ሁለቱን ገጽ፣ አንዴ አንዱን ገጽ ለብቻ አንሡና በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ነጥብ እንደገባ ራሳችሁ ቁጠሩ። ጥያቄ ያላችሁ እዚያው እየተለማመዳችሁ ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።